ባለሱቁ የሚከፍትልህን ዘፈን አትመነው

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ግማሽ ያህሉ ስለ ስፒከርና ስለ ጆሮ ማዳመጫ ናቸው። ምን እንደነካችሁ አላውቅም፣ እኔ ግን ደስ ብሎኛል። አምዱን ሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፣ አልበሞቹን ስትፈልጉ እንዲቀላችሁ።

ጥያቄ፦ «ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩትን ብር ይዤ ስፒከር ልገዛ ነው። ሦስት ሱቅ ዞሬያለሁ። ሦስቱም ጋ ባለሱቁ አንድ ድም ድም የሚል የፈረንጅ ዘፈን ይከፍትና ‹ደረትህ ላይ አልተሰማህም?› ይለኛል። ተሰምቶኛል። ችግሩ ሁሉም ስፒከር ላይ ይሰማኛል፣ የቱ እንደሚሻል መለየት አቃተኝ። የራሴን ዘፈን ይዤ ልሂድ ብዬ አሰብኩ፣ ግን የትኛውን? ቀረፃው ጥራት ያለው ይሁን ወይስ የምወደው ይሁን?» (ከሳሪስ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ የምታውቀው ይሁን። ዘፋኙ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ፣ ከበሮው መቼ እንደሚገባ፣ አዝማቹ ላይ ተቀባዮቹ ከግራ ይሁኑ ከቀኝ፣ ይሄን ሁሉ በቃልህ የያዝከው ዘፈን ማለቴ ነው። ባለሱቁ የሚከፍትልህ ዘፈን ውስጥ ምን መኖር እንዳለበት አታውቅም፣ ስለዚህ የጎደለውም አይጎድልብህም። ያ ዘፈን ደግሞ ዝም ብሎ አልተመረጠም። ቤዙ በኮምፒውተር የተሠራ ነው፣ «ድው» ካለ አለ ነው፣ እንዲህ መሆን ነበረበት ብሎ የሚከራከር የለም። የሰው ጉሮሮን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ክራርንም እንደዚያው።

መጀመሪያ ሙዚቃ እንኳን አትክፈት። ወሬ ክፈት። የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ ስልክህ ላይ ጫንና ሂድ። ያንን ድምፅ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ፈልገህ አታገኝም። ጥሩ ስፒከር ላይ ሰውዬው ፊት ለፊትህ ተቀምጦ የሚተርክልህ ይመስላል። መጥፎው ላይ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል፣ ወይም ጉንፋን የያዘው፣ ወይም በስልክ የደወለልህ። ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። በርሜሉ ከቤዙ ከፍ ብሎ ያለው ቦታ ማበጡን ይነግርሃል፣ ጉንፋኑ ትሬብሉ፣ ማለትም ቀጭኑ የላይኛው ድምፅ፣ መሞቱን፣ ስልኩ ደግሞ ከታች በኩል ምንም እንደሌለ።

አማርኛ ራሱ ለዚህ ሥራ የተመቸ ቋንቋ ነው። ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ፣ ቀ። እነዚህ አፍ ውስጥ የሚፈነዱ ናቸው፣ አጭርና ስለታም ድምፅ አላቸው። ቀሽም ስፒከር ላይ ስለቱ ይዶለዱማል፣ «ጠ» ወደ «ተ» ማዘንበል ይጀምራል። «ስ» እና «ሽ» ደግሞ ተቃራኒውን ይፈትናሉ። ትሬብሉ ከልክ በላይ የተጫነ ከሆነ እያንዳንዷ «ስ» ታፏጫለች። እዚህ ላይ እኔ የአስቴር አወቀን «ካቡ» (1991) ነው የምከፍተው። ድምፅዋ ወደ ላይ ሲወጣ ጥሩ ስፒከር ላይ ውርር ያደርግሃል፣ መጥፎው ላይ ጆሮህን ይወጋሃል። እጅህ ሳታስበው ድምፁን ሊቀንስ ከሄደ ያንን ስፒከር እዚያው ተወው።

ይሄን ከራሴ ብቻ አምጥቼ አይደለም። ሾን ኦሊቭ የሚባል የድምፅ ተመራማሪ በ1994 ባወጣው ጥናት፣ አድማጮች የስፒከርን ጉድለት በየትኛው ድምፅ ቶሎ እንደሚይዙ አወዳድሮ ነበር። ከላይ የወጣው ‹ፒንክ ኖይዝ› ነው፣ ያ ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣራን የሚወርደው ዝናብ የመሰለ ሹሹታ። ከዘፈኖቹ መሀል ከፊት የተሰለፈው ደግሞ የትሬሲ ቻፕማን «ፋስት ካር» ነው። እኛም አገር ታክሲ ውስጥ ስንት ዓመት የሰማነው ያው ዘፈን! ተአምር የለውም፣ ከታች እስከ ላይ ያለውን የድምፅ እርከን ሞልቶ የያዘ ቀረፃ ስለሆነ የስፒከሩ ጉድጓድም እብጠትም ይጋለጣል። በነገራችን ላይ ዝናቡን በነፃ ታገኘዋለህ፣ የፒንክ ኖይዝ ፋይል ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ለባለሱቁ ግን አስቀድመህ ንገረው፣ ተበላሸ ብሎ እንዳይደነግጥ።

ሹሹታን ካነሳን በገናን ልንገርህ። የዓለሙ አጋን ቀረፃ፣ «ኢትዮፒክስ» በተባለው የአልበሞች ተከታታይ 11ኛው ላይ ያለውን፣ ፈልገው። በገና ያ «ዝዝዝ» የሚለው ድምፁ የሚመጣው አውታሮቹ በሚያርፉበት ቦታ እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባበት ነው፣ ጅማቱ ቆዳውን እየነካ ይንዘረዘራል። ከታች ወፍራም ጉርምርምታ፣ ከላይ ደግሞ ያ መንዘርዘር፣ ሁለቱም ከአንድ አውታር፣ ከአንድ ቦታ መውጣት አለባቸው። መጥፎ ስፒከር ላይ ይለያያሉ። ታች አንድ ሽማግሌ ያጉረመርማል፣ ላይ አንዲት ንብ ትዞራለች።

አንዴ መርካቶ አንድ ሱቅ ገብቼ ይሄንኑ ከፈትኩ። ባለሱቁ ሻይ እየጠጣ ነበር። ብርጭቆውን ሳጥን ላይ አስቀምጦ እየሮጠ መጣ። «ኧረ ቀንስ ወንድሜ! ስፒከሩ ተቀደደ!» ስፒከሩ ምንም አልሆነም፣ በገና ነው። ረዳቱ ሳቁን መያዝ አቃተው። ባለሱቁ ዝም ብሎ ጆሮውን አስጠጋ፣ ትንሽ ሰማና እኔን ሳያይ ሽቦውን ነቅሎ ከጎኑ ያለው ትልቁ ስፒከር ላይ ሰካው። ሲያሞግስልኝ የነበረው እሱን ነው። እዚያኛው ላይ እውነትም የተቀደደ ነበር የሚመስለው። ሁለታችንም ምንም አላልንም፣ ትንሹን ገዝቼ ወጣሁ።

ወደ ቤዝ እንምጣ፣ መቼም አንተም የምትጠብቀው እሱን ነው። ቤዝ ላይ ጆሮህን ጣል ማድረግ ያለብህ ሲመታ ሳይሆን ሲቆም ነው። ከበሮ መቺው እጁን ሲያሳርፍ ድምፁም ማረፍ አለበት። «ድም» ከሆነ ጥሩ፣ «ድምምም» ከሆነ ሳጥኑ ራሱ እየዘፈነ ነው ማለት ነው። ለዚህ ከበሮ ብቻውን የሚሰማበት ማንኛውም የባህል ቀረፃ ይሆናል። ቤዝ ጊታር ከፈለግህ የእጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂ) የ2001 አልበም ውሰድ። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው፣ እሱ ራሱ ቤዝ ተጫዋች ስለሆነ ከታች በኩል ምንም አልሰሰተም። እያንዳንዱን ኖታ ለይተህ በአፍህ ማንጎራጎር ከቻልክ ስፒከሩ ቤዝ አለው። «አለ፣ ግን ምን እንደሚጫወት እንጃ» ካልክ የሰማኸው ጩኸት ነው። አንድ ቁጥር ያዝ፦ የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር 41 ሄርዝ አካባቢ፣ ማለትም በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ነው የሚንቀጠቀጠው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ስፒከር እዚያ ድረስ በቅጡ አይወርድም፣ አእምሮህ ነው ከላይኞቹ ድምፆች ተነስቶ የሚሞላልህ። ሳጥኑ ላይ «20 ሄርዝ» ተብሎ ከተጻፈ ፈገግ በልና እለፍ።

ሌላው ሞኖ ነው። በ60ዎቹና 70ዎቹ የተቀረፁ ብዙ ዘፈኖች ሞኖ ናቸው፣ በግራም በቀኝም የሚወጣው ያው አንድ ነገር ነው። ሰው ለመፈተኛ አይሆኑም ብሎ ይተዋቸዋል፣ እኔ ግን ከነሱ አንዱን ሳልይዝ አልወጣም። ሞኖ ዘፈን ሁለት ስፒከር መሀል ስትቀመጥ ከባዶው ቦታ፣ ልክ ከመሀሉ መሰማት አለበት። እዚያ ካልተሰማ ወይ ሁለቱ ስፒከሮች አይመሳሰሉም፣ ወይ ሽቦ ተገላብጧል። የኋለኛው በራሴ ደርሷል። ቤቴ ውስጥ ስምንት ወር ሙሉ ቤዙ የሳሳ፣ ዘፋኙም የት እንደቆመ የማይታወቅ ድምፅ ስሰማ ኖርኩ። ጥፋቱን አምፕሊፋየሩ ላይ ጣልኩ፣ ከዚያ ክፍሉ ላይ፣ መጋረጃ ሁሉ ገዛሁ። አንድ እሁድ አቧራ ልጠርግ የግራውን ስፒከር ሳዞረው ቀዩ ሽቦ ጥቁሩ ቀዳዳ ላይ ተጠምዝዟል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ቤዙ እርስ በርሱ ይጣፋ ነበር። ቀይረህ ስትሰካ የአንዱን ስፒከር ብቻ ቀይር፣ የሁለቱንም ካገላበጥክ ተመልሰህ እዚያው ነህ።

አሁን ዋናውን የሱቅ ተንኮል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባል የለ? ሁለት አንድ ዓይነት ስፒከር አስቀምጥና አንዱን በጣም ትንሽ፣ ጮኸ የማያስብል ያህል፣ ከፍ አድርገው። ሰው እሱን ይመርጣል። «ይሄኛው ጥርት ይላል» ይላል እንጂ «ይሄኛው ይጮኻል» አይልም። ሻጭ ይሄን ያውቃል፣ ባያውቀውም እጁ ያውቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በጨዋታ ድምፅ ልክ ክፈት፣ አጠገብህ ያለውን ሰው ሳትጮኽ ማናገር በምትችልበት ልክ። ሲቀየር ልኩን አመሳስል፣ ስልክህ ላይ ድምፅ የሚለካ መተግበሪያ ብትጭን ይበቃል። ዝቅ ባለ ድምፅ ጆሯችን ቤዝን አሳንሶ እንደሚሰማ ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ሳይንቲስቶች ገና በ1933 ለክተው አሳይተዋል። ስለዚህ ዝቅ ሲል ቤዙ ሳሳ ብለህ አትፍረድ፣ ሁሉም ላይ ይሳሳል። ኢኳላይዘርና «ቤዝ ቡስት» የሚባለውን ነገር አስጠፋ። ሳያጠፋልህ ካንገራገረ መልሱን አግኝተሃል።

አንድ ነገር ግን ልጨምርልህ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ስፒከሩን በዘፈን እንመዝነዋለን፣ ዘፈኑም ስቱዲዮ ውስጥ በስፒከር ነው የተመዘነው። ያ የስቱዲዮው ስፒከር ትሬብል የሚያንሰው ከነበረ ቀራጩ ትሬብል ጨምሮበታል፣ አንተ ጋ ሲደርስ ይወጋሃል። ፍሎይድ ቱል የሚባለው ተመራማሪ ይሄን አዙሪት ‹የግራ መጋባት ክብ› ይለዋል። መውጫው ቀላል ነው። የተለያየ ሰው በተለያየ ጊዜ የቀረፃቸውን አምስት ስድስት ዘፈኖች ይዘህ ሂድ። አንድ ዘፈን ላይ ብቻ የሚወጋህ ከሆነ ጥፋቱ የዘፈኑ ነው። ሁሉም ላይ ከወጋህ የስፒከሩ ነው። ከስድስት በላይ አትያዝ፣ ጆሮ ይደክማል፣ ሱቁም ሱቅ ነው። ከእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ይበቃሃል፣ ያችን የምታውቃትን ደቂቃ። ሁለቱ ላይ ከተወዛገብክ ቤትህ ሄደህ እደርና ተመለስ።

ጥያቄ፦ «አባቴ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ያስቀመጣቸው ካሴቶች አሉ። ወንድሜ እነሱኑ ዘፈኖች ከኢንተርኔት አውርዶ ፍላሽ ላይ ጫነልኝ። ደህና ብር ከፍዬ በገዛሁት ሄድፎን ስሰማቸው ሹሹታ ብቻ ነው። በድሮው ርካሽ ኤርፎኔ ግን ደህና ነበሩ። ተሸውጄ ይሆን?» (ከደሴ)

መልስ፦ አልተሸወድሽም እህቴ። አዲስ መነጽር ያደረገ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የግድግዳውን ቆሻሻ ነው። የድሮው ኤርፎንሽ ትሬብል ስላልነበረው ሹሹታውንም ደብቆልሽ ነበር፣ አብሮ ደግሞ የክራሩን ጫፍ፣ የዘፋኙን ትንፋሽ።

ሁለት ዓይነት ቆሻሻ እንዳለ ግን ልለይልሽ። አንዱ የካሴቱ የራሱ ሹሹታ ነው። ካሴት ስፋቱ 4 ሚሊሜትር የማይሞላ ክር ነው፣ በሴኮንድ 5 ሴንቲሜትር እንኳን አይሄድም፣ ስለዚህ ሹሹታ አለው፣ ነበረውም። ይሄኛው አይጎዳም፣ አምስት ደቂቃ ስትሰሚ ጆሮሽ ይረሳዋል። ሁለተኛው የከፋ ነው። ካሴቱ ከካሴት ተገለበጠ፣ ያ ወደ ኤምፒ3 ተቀየረ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ ጫነው፣ ሌላው አውርዶ እንደገና አሳንሶ ጫነው፣ በመጨረሻ ወንድምሽ አወረደው። ኤምፒ3 በተጨመቀ ቁጥር ይጥላል፣ የጣለውን አይመልስም። እንዴት ታውቂዋለሽ? ጭብጨባውን ስሚ። የሰው እጅ ጭብጨባ «ጧ፣ ጧ» ማለት አለበት። ውኃ ውስጥ የሚንቦጫረቅ ከመሰለ ፋይሉ አልቆለታል፣ የሚሊዮን ብር ሄድፎንም አያድነውም።

የአባትሽ ካሴቶች ካሉ ፋይሉን ትተሽ ወደነሱ ሂጂ። ደህና ቴፕ ተዋሺ፣ ሄዱን (ካሴቱን የሚያነበውን ብረት) በጥጥና በአልኮል ጥረጊው፣ ቡናማ ነገር ይወጣል፣ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ከሄዱ ጎን አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ዘፈኑ እየሄደ በጣም በትንሹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስታዞሪያት አንድ ቦታ ላይ ትሬብሉ ልክ መስኮት እንደተከፈተ ቦግ ይላል። እዚያ ላይ ተያት። ብዙ ሰው ካሴቱ አረጀ የሚለው ይቺ ብሎን ተዛንፋ ነው። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ስትቀጂው ኤምፒ3 አታድርጊው፣ ዌቭ ወይም ፍላክ አድርጊው፣ እነሱ ከድምፁ ምንም አይጥሉም፣ ቦታ ቢይዝም። የኃይሉ መርጊያ የ1985 አልበም በ2013 ዓለምን እንደገና የዞረው አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ካገኘው ካሴት ተነስቶ ነው። ሳጥን ውስጥ ያለው ነገር ቀላል አይደለም።

ሄድፎኑን መፈተን ከፈለግሽ ግን በሌላ ነገር ፈትኚው። እኔ ብሆን የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ እከፍት ነበር። ቀረፃው ያረጀ ነው፣ ሹሹታም አለው፣ ፒያኖው ግን ብቻውን ስለሆነ መደበቂያ የለም። አንድ ቁልፍ ተመትቶ ቀስ እያለ ሲጠፋ እስከ የት ድረስ ትከተይዋለሽ? የተሻለው ሄድፎን ረዘም አድርጎ ያስከትልሻል።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። 63 ዓመቴ ነው። ልጄ ሙዚቃ የምሰማበትን አገልግሎት ወደ ‹ሎስለስ› (ከድምፁ ምንም ሳይጥል ወደሚያመጣው) ቀይር፣ ትንሽ ጨምረህ ክፈል ይለኛል። ከፈልኩ፣ ሰማሁ፣ ልዩነቱ አልገባኝም። እሱ ሰማይና ምድር ነው ይላል። ጆሮዬ ነው የደከመው ወይስ ልጄ ነው የሚያጋንነው?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይመስለኛል። ሰው ሲወለድ እስከ 20,000 ሄርዝ ይሰማል ይባላል፣ ከ50 በኋላ ግን የብዙ ሰው ጣሪያ ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል፣ 12 ሺህ አካባቢ የሚቀር ብዙ ነው። አይዘኑበት። ሙዚቃው ያለው ከዚያ በታች ነው። ከላይ ያለው አየሩና የጸናጽሉ ጫፍ ነው።

ልጅዎን ግን በጨዋታ ይያዙት። አንድ ዘፈን በሁለት ዓይነት ጥራት ያዘጋጁ፣ ድምፃቸው እኩል ይሁን፣ ልጅዎ ጀርባውን ይስጥና እርስዎ ሳንቲም እየወረወሩ አሥር ጊዜ ይክፈቱለት፣ ዘውድ ሲወጣ አንዱን፣ ጎፈር ሲወጣ ሌላውን። ዘጠኝና ከዚያ በላይ ከመታ ይመኑት፣ በግምት ብቻ ያንን ያህል የመምታት ዕድል መቶ ላይ አንድ ገደማ ነው። ስድስት ወይም ሰባት ከሆነ ሻይ ያፍላ።

ዘፈን ሲመርጡ ግን ይጠንቀቁ፣ በደፈናው የተሞላ ዘፈን ሁሉንም ይደብቃል። ኤምፒ3ን ከሠሩት ሰዎች አንዱ፣ ጀርመናዊው ካርልሃይንዝ ብራንደንበርግ፣ ሥራውን ጨርሻለሁ ብሎ ባሰበበት ሰሞን አንድ የድምፅ መሣሪያ መጽሔት የሱዛን ቬጋን «ቶምስ ዳይነር» ለስፒከር መፈተኛ እንደሚጠቀምበት አነበበ። አንዲት ሴት፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በድምፅዋ ብቻ የምትዘፍነው ነው። ሊሞክረው ከፈተው፣ ድምፅዋ ተበላሽቶ ወጣ። ሌላው ሁሉ ደህና ነበር፣ አንዲት ብቸኛ ሴት ግን ጉዳቸውን አወጣች። ከዚያ በኋላ እሷ እስክትስተካከል ድረስ ደጋግመው ሲያርሙ ኖሩ። ለኛ የሚሆነው እልልታና ጭብጨባ ያለበት የሠርግ ዘፈን ነው። ለመጭመቅ ከሚያስቸግሩት ድምፆች አንዱ ድንገት ጀምሮ ድንገት የሚያቆመው ነው።

ቁጥሩን ከፈለጉ፣ ሲዲ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ድምፁን ይለካል፣ በጠቅላላው በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት ነው። 320 የሚባለው ኤምፒ3 ሩቡን አይሞላም፣ ሆኖም ከሲዲው መለየት ለብዙ ሰው ከባድ ነው። 128 ግን በጥሩ ሄድፎን ይታወቃል። አንድ ነገር ደግሞ ይጠይቁት፦ በምንድን ነው የሚሰማው? በተራ ብሉቱዝ ሄድፎን ከሆነ ያ የከፈላችሁበት ሎስለስ ከስልኩ ሳይወጣ እንደገና ይጨመቃል። ይሄን ሲነግሩት ፊቱን ይዩልኝ።

አጫጭሮቹ።

«አዲስ ስፒከር ለመቶ ሰዓት ካልተከፈተ ድምፁ አይስተካከልም ይባላል፣ እውነት ነው?» (ከአዳማ) ጎማውና ላስቲኩ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንሽ ይላላል፣ እሱ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ የሚለመደው ያንተ ጆሮ ነው። የመመለሻ ቀኑ እስኪያልፍ «ገና አልተሟሸም» ብሎ የሚያቆይህን ሻጭ ጠርጥር።

«ትዊተሩ ተበላሸ አሉኝ፣ ምንድን ነው እሱ?» (ከጎንደር) ያ ስሙን የቀየረው ማኅበራዊ ሚዲያ አይደለም! ላይኛዋ ትንሿ፣ ትሬብል የምታወጣው ናት። የጸናጽል ድምፅ ክፈትና ጆሮህን አስጠጋ። አንዷ ዝም ካለች እሷ ናት።

«የመኪና ቴፕ እንዴት ልፈትን?» (ከዱባይ) ሞተሩን አጥፍተህ አንድ ጊዜ፣ አስነስተህ አንድ ጊዜ። ጋዝ ስትሰጥ አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ ከመጣ ስፒከሩን አትንካ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን አሳይ።

ጥያቄ፦ «የእህቴ ሠርግ ነው፣ ሞንታርቦ የምከራየው እኔ ነኝ። አከራዩ ‹መጥተሽ ሞክሪው› አለኝ። በምን ዘፈን ልሞክረው? ባለፈው የዘመድ ሠርግ ላይ ጭፈራው ደህና ነበር፣ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ግን አንድም ቃል አልተሰማም።» (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። በዘፈን አትሞክሪው፣ በማይክ ሞክሪው። ለጭፈራ ማንኛውም ሞንታርቦ ይበቃል፣ ሰው ሞቅ ካለው ቆርቆሮም ቢደበደብ ይጨፍራል። ምርቃት ግን ቃል ነው። ይዘሽው የምትሄጂውም ሰው ድምፁ ዝግ ያለ ይሁን፣ አባትሽን ብትወስጂ ጥሩ ነበር። ማይኩን ሽማግሌዎች እንደሚይዙት፣ ማለትም ከአፋቸው ራቅ አድርገው ሆዳቸው አካባቢ ይያዙት፣ ምክንያቱም የዚያን ቀን እንደዚያ ነው የሚይዙት። አከራዩ «ሀሎ ሀሎ» ቢል አትቀበዪው፣ እሱ አያያዙን ያውቅበታል። ድምፁ ከፍ ሲል ያ «ፊይይይ» የሚለው ፉጨት መቼ እንደሚጀምር ልብ በይ። ቶሎ ከጀመረ ሞንታርቦዎቹ ከማይኩ ወደ ፊት ይውጡ፣ ማይኩ ሁልጊዜ ከኋላቸው ይሁን። ያ ካልረዳ ሌላ ማይክ ጠይቂ።

ከዚያ አንድ የምታውቂውን የጭፈራ ዘፈን አስከፍቺና የአምፕሊፋየሩን ቀይ መብራት እዪ። ጫፍ ጫፉ ላይ ብልጭ ቢል ይሁን፣ ቦግ ብሎ ከቆመ ግን መሣሪያው ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው፣ እኩለ ሌሊት ላይ የሚቃጠለው ያ ነው። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ድምፁ ይንኳኳል፣ የገደል ማሚቶ ያበዛል፣ እሱ አያሳስብሽ። ሰውና የአገር ልብስ ሲሞላው ይውጠዋል። ዋናው ነገር ግን መድረኩ አጠገብ ቆመሽ አትፍረጂ። እናቶች ወደሚቀመጡበት ወደ መጨረሻው ጠረጴዛ ሂጂና አባትሽ እዚያ ፊት ሆነው ይመርቁ። የመጨረሻዋን ቃል፣ «አሜን» ከማለትሽ በፊት ያለችውን፣ ከሰማሽ ቀብድ ክፈዪ።

ዲጄው በሠርጉ ቀን ምርቃት ላይ ቤዙን እንዲቀንስ አስቀድመሽ ንገሪው። ሊቀየም ይችላል። ምሳው ቀድሞ ይሂድለት።